ቃሬዛውን የተሸከመው ማን እንደሆነ ይጻፍልን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ገጠር አምቡላንስ ያወጣችሁትን ዘገባ ደጋግሜ አነበብሁት። «አምቡላንሱ ከመመደቡ በፊት በአካባቢው ድንገተኛ ሕመምተኛን ወደ ሕክምና የሚያደርስ አገልግሎት አልነበረም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ።

አልነበረም? እኔ ወደ ወለቃ ወንዝ ቁልቁል በሚወርደው የደቡብ ወሎ አገር የቅሬ ዳኛ ነኝ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚገባበት። ሥራው ቀብር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛ ዘንድ ሰው በጠና ሲታመም ወይም እናት ምጥ ሲጠናባት ጥሪ ይተላለፋል፤ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ እያደረገ ሕመምተኛውን በቃሬዛ ሊሸከም ይወጣል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ መቀጮ ይከፍላል። ደንብ አለው፣ ተራ አለው፣ ዳኛ አለው። ይህ አገልግሎት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

የቃሬዛችንን ፎቶ አውጥታችሁ ከሥሩ «ኋላ ቀር ልማድ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ጋዜጠኛው ፎቶውን ያነሳው መኪና መንገዱ ዳር ቆሞ ነው። አምቡላንሱም እዚያው ነው የሚቆመው፤ ከዚያ በታች መንገድ የለም። ጥቂት ወደ ታች ቢወርድ ኖሮ ስንት ነገር ባየ ነበር። ቁልቁል ሲወረድ የሕመምተኛው እግር ይቀድማል፣ ዳገት ሲወጣ ግን ራሱ፤ እንዳይዘቀዘቅ። ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ ትተኛለች፤ ይህን ያስተማረችን የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ቃሬዛው ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ቁመታቸው የሚመጣጠን ሰዎች ይጣመራሉ። የደከመ ትከሻ የሚለወጠው ቃሬዛው መሬት ሳይነካ፣ እርምጃም ሳይቋረጥ ነው። በክረምት፣ ሌሊት፣ በጭቃ ይህን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ «ኋላ ቀር» ብሎ የጻፈው ሰው አንድ ጊዜ ተሸክሞ ይየው።

አምቡላንስ አይምጣ አላልሁም። መጥቷል፣ እሰየው። ነገር ግን የጤና ባለሙያዎች ስለ እናቶች ሞት ሲያስተምሩ ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ፤ ቤት ውስጥ ለመወሰን፣ ጤና ተቋም ለመድረስ፣ ከደረሱ በኋላም ሕክምና ለማግኘት። ዘገባችሁ ሁለተኛውን ሲያሰላ ሰዓቱን የጀመረው ከመኪና መንገዱ ነው። ከቤት ደጃፍ እስከ መንገዱ ያለው ጊዜ የት ገባ? በ2003 ዓ.ም. የዳሰሳ ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 676 የነበረው የእናቶች ሞት በ2008 ዓ.ም. ጥናት ወደ 412 መውረዱን ጠቅሳችኋል። ለአዋላጆችና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ትልቅ ምስጋና ይገባል። ታዲያ መኪና ከማይገባበት ሰፈር አዋላጇ ዘንድ የደረሰችው እናት በምን የደረሰች መሰላችሁ?

የወንድሜ ሚስት ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ብሏት ሌሊቱን በዝናብ ተሸክመናት መንገድ ላይ ወጣን። ስልክ ደወልን፤ ያነሳው ሰው «ነዳጅ የለም» አለን። ትከሻችን ላይ እንዳለች እስከ ጤና ጣቢያው ወሰድናት። ዛሬ በሕይወት አለች። እርሷን ፊት ለፊት ተቀምጦ «የሚያደርስ አልነበረም» የሚላት ማን ነው? ለነዳጁም ቢሆን ከዚያ ወዲህ ቅሬው ገንዘብ አዋጥቷል። ዘገባችሁ ግን ያመሰገነው የጤና ቢሮውን ብቻ ነው፤ የቅሬ ስም አንድ ቦታ እንኳን አልተነሳም። ጋዜጠኛው ኃላፊዎቹን ሲያነጋግር ከተሸካሚዎቹ አንዱን ጠርቶ መጠየቅ ምን ያህል ይከብደው ነበር?

ስለዚህ ያቺ ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም ትታረም። የፎቶው መግለጫም እንዲሁ። ያመሰገናችሁት ቢሮ ጋዜጣችሁን የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ይህንን አብራችሁ አድርሱልን፦ ለተሸካሚዎች የእጅ ጓንት፣ የእጅ ባትሪና የዝናብ ልብስ እንፈልጋለን፤ መንገድ ላይ ደም ሲፈስ ምን ማድረግ እንደሚገባም የሚያሠለጥነን ባለሙያ ይላክልን። ማሠልጠኛ ቦታውን እኛ እናዘጋጃለን።

የቅሬ ዳኛ፣ ከደቡብ ወሎ