እድራችን ሰው እስኪሞት ይጠብቃል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን አንድ አንባቢ «ድጎማ ሰውን ያሰንፋል፤ አገር የሚያድገው በሥራ ነው» ብለው የጻፉላችሁን አነበብኩ። እኔ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ያለ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ስለ ስንፍና ብዙ አላውቅም፤ ስለ ቀብር ግን አውቃለሁ።

እድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው። አባል ሲሞት ሁሉም ነገር በሁለት ሰዓት ውስጥ ደጁ ይደርሳል። ያው ሰው ስድስት ወር ታሞ ሲተኛ ግን በመተዳደሪያ ደንባችን የሚሰጠው ነገር የለም። አምና የአንዲት አባላችን ባል ታመመ። እሷ መጋዘን ውስጥ በቀን ክፍያ ቡና ለቃሚ ናት። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ተሸጠ፤ ቀጥሎ የምትታለበዋ ላም። ሰውየው ሲሞት ድንኳኑን የተከልነው የላሟን ችካል ነቅለን ነው።

የሚያናድደው፣ ቤተሰቡ የጤና መድን ነበረው። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የጅማ ዞኑ ሊሙ ኮሳ ነበር። ቤተሰብ በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ ሲታመም ሳይከፍል ይታከማል፤ ጭራሽ ለሌለው መንግሥት ይከፍልለታል። ሐሳቡ ግሩም ነው። አባላችን ግን መታወቂያዋን ይዛ በሄደች ቁጥር «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዢ» ተባለች። ላሟ ያለቀችው በውጭ ፋርማሲ ነው።

ይህን የሰማ ጎረቤት በእድሳት ጊዜ ምን አለ? «መታወቂያው አይዋጥ!» ጤነኛው ተወው፣ ያደሰው በሽተኛው ብቻ ሆነ። ጤነኛ የማያዋጣበት መድን ደግሞ ብዙ አይቆይም። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት እድር ምን እንደሚሆን የእኛን መዝገብ ማየት ይበቃል።

ስለ ስንፍናው ላነሡት፦ በገጠር ሴፍቲኔት (ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ) ከተጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠግኖ ነው የሚከፈለው። በነፃ የሚሰጠው ለአቅመ ደካማ ነው። ደግሞ ገበሬው በዚህ ድጋፍ ተደግፎ በሐምሌና በነሐሴ በሬውን ካልሸጠ ለከርሞም ያርሳል። ብልጽግና ከዚህ ሌላ ምንድነው? ገንዘቡ ሁለት ወር ከዘገየ ግን በሬው ገበያ ወጥቷል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ድጋፍ ሰላም ያመጣል ወይ ለሚል ሰው ደግሞ፣ የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ቢስማርክ እ.ኤ.አ. በ1883 የሕክምና መድን፣ በ1889 ደግሞ የእርጅና ጡረታ ያስወጣው ለድሃ አንጀቱ ተላውሶ አይደለም። ሠራተኛው ወደ ሶሻሊስቶቹ እንዳይኮበልል ሠግቶ ነው። ሶሻሊስቶቹ እንኳ አልከሰሙም፤ ሥርዓቱ ግን ይኸው እስካሁን አለ። እኔም አላጋንንም። ትግራይ ሴፍቲኔት ቀድሞ ከገባባቸው ክልሎች አንዱ ነበር፤ ጦርነቱን አላስቀረውም። እህልና ገንዘብ የፖለቲካ ጠብ አይፈታም። እኔ የምለው ስለ ሰፈር ሰላም ነው፦ ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ላሙን አይሸጥም፣ ልጁንም ከትምህርት ቤት አያስወጣም።

ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም አልጠይቅም፣ ስሙ ብዙ ነው። ያለው መድን መድኃኒት ይኑረው። ጡረታም ቢሆን በግል ድርጅት ያለ ቋሚ ሠራተኛ 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ በቀን ክፍያ ቡና ለምትለቅመው ሴት ግን ማን ያዋጣል? የጅማ ቡና ላኪዎች ይህን ጥያቄ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ያቺ አባላችን የእድር መዋጮዋን ዛሬም በየወሩ በቀኑ ትከፍላለች። የመድን መታወቂያዋን ግን አላደሰችም።

አንድ የእድር ጸሐፊ
ከጅማ