እማዬ፣ ደህና ነኝ አትበይኝ

እማዬ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ተመስገን ደህና ነን። ያን ቀን በቪዲዮ ስናወራ ከበሩ ጎን ያለው አረንጓዴ ነገር ምንድነው ብለሽኝ ልጆቹ ስልኩን ነጥቀውኝ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ሳርኮኮካ ይባላል፣ አገሩ በቻይናና በሂማላያ ተራሮች በኩል ነው፣ እዚህ ለንደን ግን ብዙ ደጅ ላይ ታዪዋለሽ።

የኛ ደጅ ወደ ሰሜን የዞረ ነው፣ በዚያ ላይ የጎረቤት ግንብ ጋርዶት የብርዱን ወራት ሙሉ ፀሐይ አያይም። ጽጌረዳ ተክዬበት ቀጥኖ ቀጥኖ ቀረ። ይሄኛው ግን ጭራሽ ፀሐይ ሲበዛበት ነው ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው። አይቸኩልም እንጂ፣ ሜትር ተኩል ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፣ መከርከምም ብዙ አይፈልግም፣ አበባው ሲያልፍ ትንሽ ማስተካከል ነው በቃ። የሚጠላው ውሃ የሚተኛበት መሬት ነው፣ የኛ ሰፈር አፈር ደሞ ዋልካ ነገር ስለሆነ ስተክለው የበሰበሰ ቅጠል ብዙ ቀላቀልኩበት፣ አንቺ ለጌሾው እንደምታደርጊው። ሥር እስኪይዝ ውሃ ይፈልጋል፣ ከያዘ በኋላ ግን ደረቅ ጥላ ውስጥም ይኖራል።

አበባውን ብታዪው ትስቂያለሽ፣ ነጭ ክር የመሰለ፣ ቅጠሉ ሥር ተደብቆ የሚወጣ ነገር ነው። ሽታው ግን! ማር ማር የሚል፣ ከፈረንጆቹ ገና አካባቢ ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ፣ ያውም ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሚጨልምበት ወር። ከሥራ ደክሞኝ ስመጣ ገና አጥሩ ጋ ሳልደርስ ይሸተኛል። የአምናው ፍሬና የዘንድሮው አበባ አንድ ቅርንጫፍ ላይ አብረው ይታያሉ፣ ፍሬው ጥቁር የሚያብለጨልጭ ነው፣ ትንሿ እየለቀመች ኪሷን ትሞላለች፣ እንዳትበላው እቆጣታለሁ። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ትልቁ ሒሳብ ላይ ጎብዟል፣ አማርኛው ግን እንዳለ ነው።

ባለሱቁ መጀመሪያ ዳፍኒ ግዢ ብሎኝ ነበር፣ እሱም በብርድ ያብባል፣ ሽታውም ከዚህ አያንስም፣ ግን ደህና ነው ሲሉት ድንገት የሚሞት ተክል ነው። እሱን አልፈልግም አልኩት።

እማዬ፣ አባዬን አቅርቡልኝ ስል ተኝቷል ትይኝ ነበር። ሌላ ቀን ቤተክርስቲያን ሄዷል፣ ሌላ ቀን ስልኩ አይሰማውም። አርባው ከወጣ በኋላ ነው ሰዎች በማለዳ መጥተው ያረዱኝ። ወረቀቴ እስኪያልቅ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ብሰማም መምጣት እንደማልችል አውቃለሁ፣ ግን እኔ እኮ በዚያ ሰሞን ፀጉሬን ተሠርቼ የሰው ልደት ላይ ስጨፍር ነበር፣ ፎቶውን ስልክልሽ አምሮብሻል አልሽኝ። እሱ ነው ከሆዴ አልወጣ ያለው።

አሁን ደሞ ስለ ምርመራው ስጠይቅ ደህና ነኝ፣ ቀላል ነው ትያለሽ፣ ታናሼም ወሬ ትቀይራለች (አንቺ የምታነቢላት፣ ስሚ፣ ላንቺም ነው)። ቀላል ነገር ሁለት ሐኪም ቤት ያስኬዳል? ከከተማ ውጪ ድረስስ ለምን ወሰዱሽ? እኔ አሁን ወረቀት አለኝ፣ ከልጆቹ ጋር ለፋሲካ ነበር ያሰብኩት፣ ካስፈለገ ግን ብቻዬን በዚህ ሳምንት እመጣለሁ። ክፉም ቢሆን ካንቺ አፍ ልስማው። እንዳታለቅስ ብለሽ ነው የምትደብቂው፣ እኔ ደሞ ስልኩን ዘግቼ እያለቀስኩ ነው፣ ታዲያ ምን ተረፈን?

ስላሳደግሽኝ ምናምን ብዬ አላበዛም፣ ታውቂዋለሽ።

ውጤቱን ታናሼ ፎቶ አንስታ በዋትሳፕ ትላክልኝ፣ ሙሉውን፣ የፊተኛውን ገጽ ብቻ አይደለም። የላኩት ብር ለመድኃኒት ነው፣ ለማኅበር እንዳታውዪው። አዲሱን ኪኒን ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ ያሉሽ?