ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፦ መስሚያ ገዝቶ ጆሮ ላይ መስቀል ብቻውን ልጅ አያሰማም

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ሃላፊዎች፣ በግልባጭ ለጤና ሚኒስቴር እና ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከምስራቅ ጎጃም ነው፣ አስተማሪ ነኝ፣ ሁለት አመት ያለፋት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ሁለቱም ጆሮዋ በደንብ አይሰማም። የምለምናችሁን ነገር መጀመሪያ ላይ ልናገረው፤ የህጻናት መስሚያ፣ ሀኪሞቹ ሂሪንግ ኤድ የሚሉት፣ ከነሞልዱ (በልጁ ጆሮ ልክ ተሰርቶ ጆሮ ውስጥ ከሚገባው ለስላሳ ነገር ጋር)፣ ከነባትሪው ከነክትትሉ እዚሁ ጎጃም ውስጥ የሚገኝ አገልግሎት ይሁንልን፣ ወጪውንም የጤና መድኑ ይያዝልን። ለምን እንደዚህ አንድ ላይ አድርጌ እንደጠየቅኩ ካላስረዳሁ ግን "መስሚያ ከተገኘ አይበቃም እንዴ" ልትሉኝ ትችላላችሁ፣ እኔም ልጄ ላይ እስኪደርስ ድረስ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ልጄ እንደተወለደች ኢንፌክሽን ነበረባት፣ ቢጫም ሆና ነበር፣ ጨቅላ ህጻናት ክፍል ተኝታ ጄንታማይሲን ስትወጋ ቆይታ ዳነች። ያዳኗትን ነርሶችና ሀኪሞች እግዚአብሄር ይስጣቸው፣ ዛሬም ስማቸውን በመልካም ነው የማነሳው። ጄንታማይሲን ህይወት የሚያተርፍ መድሀኒት ነው፣ ግን ጆሮ ሊጎዳ እንደሚችል በህክምናው አለም የታወቀ ነው፣ ከባድ ቢጫ መሆንም እንደዛው፣ ማጅራት ገትርም እንደዛው። የኔ ልጅ በየትኛው እንደተጎዳች በእርግጠኝነት የነገረን የለም፣ ጭራሽ ላይታወቅም ይችላል ተብለናል። እኔ መድሀኒቱ ለምን ተሰጠ አልልም፣ አንድም እናት ይሄን አንብባ መድሀኒቱን እምቢ እንዳትል። የምለው፣ ከጨቅላ ክፍል ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ ሁሉ ጆሮው ተመርምሮ ይሂድ ነው። ምርመራው መርፌ የለው ምን የለው፣ ልጁ እንቅልፍ ላይ እያለ ትንሽዬ ነገር ጆሮው ውስጥ ገብታ ድምጽ ትልካለች፣ ከውስጥ የሚመለሰውን ማሽኑ ይለካል፣ ልጁ ካላለቀሰ የደቂቃዎች ስራ ነው። ጨቅላ ክፍል ለቆዩት ደግሞ ድምጹ በነርቭ ወደ አንጎል መድረሱንም የሚያየው፣ ኤቢአር የሚሉት ይሻላል።

በሌላው አለም የሚሰሩበት ደንብ ለማስታወስ ቀላል ነው፣ 1 ወር ሳይሞላው ምርመራ፣ 3 ወር ሳይሞላው ችግሩ ተለይቶ መታወቅ፣ 6 ወር ሳይሞላው መስሚያም ይሁን ሌላ እርዳታ መጀመር። እኛ ጋስ? እኛ ጋ ልጅ አፉን ሳይፈታ ሲቀር ነው የሚጠረጠረው። ያኔም ቢሆን ጎረቤቱ ዘመዱ "ተዋት ቆይታ ትፈታለች፣ አባቷም ዘግይቶ ነው የተናገረው" ይላል፣ ደግ ልባቸው ነው እንዲህ የሚያስብላቸው። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ ከኋላዋ ቆመው አጨበጨቡላት፣ ዞር አለች፣ በቃ ትሰማለች ተብለን ተመለስን። ሰው ተራ ወሬ ሲያወራ ድምጹ 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው፣ ጭብጨባ ደግሞ ከዛ በጣም ይበልጣል፣ ስለዚ እናቷ ስትናገር የማትሰማ ልጅ ጭብጨባ ልትሰማ ትችላለች። የበር መንኳኳትና የውሻ ጩኸት ሰምታ ዞር የምትል ልጅ "ሰ" እና "ፍ" እና "ት" የሚሉ ድምጾች ላይደርሷት ይችላሉ፣ እነዛ ካልደረሷት ደግሞ ቃሉ ጎዶሎ ሆኖ ነው የሚገባት። በጭብጨባ የሚመለሱ ልጆች በየወረዳው ስንት እንደሆኑ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

በመጨረሻ ተኝታ ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎ ተመረመረች፣ የመስማት ጉዳቷ በሁለቱም ጆሮ መካከለኛ እና ከባድ መሀል ላይ ነው አሉን፣ መስሚያ ከተደረገላት ንግግር መልመድ የምትችል ልጅ ናት አሉን። ደስ አለን። መምረጡና መግዛቱ ላይ ስንደርስ ግን ሌላ ጉድ መጣ።

ከሰማሁትና ካየሁት ልንገራችሁ፣ ይሄን የምታነብ ሌላ እናትም ካለች ይጥቀማት። ለትንሽ ልጅ የሚሆነው ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው አይነት ነው፣ ያቺ በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ድብቅ የምትለው ቆንጆዋ ለህጻን አትሆንም ምክንያቱም ጆሮው ያድጋል። ሁለቱም ጆሮ ካልሰማ ሁለት መስሚያ ነው የሚያስፈልገው፣ በአንድ ተብቃቁ የሚላችሁ ካለ እሺ እንዳትሉ፣ ድምጽ ከየት እንደመጣ የሚለየው በሁለት ጆሮ ነው። ከዛ ደግሞ መስሚያው በኮምፒውተር እንደ ልጁ የምርመራ ውጤት መስተካከል አለበት፣ የቱ ድምጽ ምን ያህል ይጨመር፣ የቱ ጋ ይቁም፣ ይሄ ሁሉ ልክ አለው። ቴሌግራም ላይ እና ፌስቡክ ላይ በርካሽ የሚሸጡት ድምጽ ማጉያዎች ሁሉንም ድምጽ እኩል የሚያጮሁ ናቸው፣ የሚናገረውንም የሚንኳኳውንም ሳህን የሚወድቀውንም አብረው ነው የሚያጎሉት፣ ልክ ካለፈ ደግሞ የተረፈውን መስማት ሊጎዳ ይችላል። ሰው ሲቸግረው ይገዛቸዋል፣ አልፈርድም፣ ግን ስለነሱ ለህዝቡ መንገር የናንተ ስራ ነው ብዬ አምናለሁ። ፎናክም ይሁን ኦቲኮን የኩባንያው ስም እኮ ያን ያህል አይደለም፣ ወሳኙ መስሚያውን የሚያስተካክልና የሚከታተል ሰው ቅርብ መኖሩ ነው።

እና ሞልዱ። መስሚያውን ከጆሮ ጋር የሚያገናኘው ለስላሳው ነገር ሞልድ ይባላል፣ በእያንዳንዱ ልጅ ጆሮ ቅርጽ ልክ ነው የሚሰራው፣ ጆሮ ውስጥ የሚጠጥር ለስላሳ ነገር ተደርጎ ቅርጹ ይወሰድና ላቦራቶሪ ይላካል። የህጻን ጆሮ ግን እያደገ ነው፣ ልክ እንደ ጫማው ማለት ነው፣ በዚህ እድሜ ሞልዱ በየ3 ወሩም በየ6 ወሩም መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። ሲጠባት ክፍተት ይፈጠራል፣ ድምጹ በክፍተቱ ይወጣና መስሚያው ፊጭ ፊጭ ይላል፣ ልጅቷ ይረብሻታል ነቅላ ትጥለዋለች፣ ፉጨቱን ለማጥፋት ድምጹ ሲቀነስ ደግሞ የሚበቃትን ሳትሰማ ትውላለች። ስለዚ ብዙ ገንዘብ የወጣበት መስሚያ አንድ ሞልድ በጊዜ ባለመቀየሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። እኛ ቅርጹን ለማስወሰድ አባይ በረሀን ተሻግረን አዲስ አበባ ነው የምንሄደው፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሞልዱ እስኪደርስ እዛው መቆየት ወይ ተመልሶ መሄድ አለ፣ አልጋ አለ ምግብ አለ፣ ከስራ መቅረት አለ። መንገዱም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ እንዴት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ የተከፈተው ነገ ይዘጋል፣ ህጻን ይዞ መንገድ ላይ መቅረት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። መንገድ ሲዘጋ የልጅ ጆሮ ማደጉን አያቆምም።

ባትሪውስ ብትሉ፣ መስሚያው የሚሰራው በተራ ባትሪ አይደለም፣ ዚንክ ኤር የሚባል ትንንሽ ክብ ባትሪ ነው፣ 13 ቁጥር ወይ 675 ቁጥር፣ እንደ መስሚያው ይለያያል፣ 13 ቁጥሩ ቀኑን ሙሉ ከተደረገ ሳምንት ወይ ሁለት ሳምንት ነው እድሜው። እኔ ባለሁበት ከተማ ፋርማሲ ውስጥ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ ነው የምናስመጣው። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ የባትሪው ክዳን መቆለፊያ ያለው መሆን አለበት፣ የክብ ባትሪ መዋጥ ጉሮሮን በሁለት ሰአት ውስጥ ሊያቃጥል የሚችል አደገኛ ነገር ነው፣ ይሄን ለወላጅ ሳይነግሩ መስሚያ ማደል ትልቅ ጥፋት ነው። ቻርጅ የሚደረገው አይነት አለ፣ ባትሪውን ህጻን ስለማያወጣው ለልጅ ጥሩ ነው ይላሉ፣ መብራት ለቀናት ጠፍቶ ሲከርም ግን እሱም ዝም ይላል። የክረምቱ እርጥበትም አለ፣ የኛን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ማታ ማታ ማድረቂያ ያለበት እቃ ውስጥ ካላደረ ይበላሻል።

ወደ ብሩ ልምጣ። የሁለቱ መስሚያ ዋጋ ከአንድ አመት ሙሉ ደሞዜ በላይ ነው፣ ሞልድና ባትሪና ትራንስፖርት ሳይቆጠር። ሁሉም ነገር ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው፣ ሀምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ነገር ሲለወጥ ደግሞ ያጠራቀምነው ብር እዛው እያለ ዋጋው ሸሸን። እቁብ ገባን፣ ቤተሰብ አዋጣ፣ የስራ ባልደረቦቼ አዋጡ፣ እግዜር ያክብራቸው። በሰው መዋጮ የተገዛ መስሚያ ነው ልጄ ጆሮ ላይ ያለው። ግን እኔ ደሞዝተኛ ነኝ፣ የሚያዋጣ ሰው አለኝ፣ አዲስ አበባ የምታርፍበት ዘመድ አለኝ፤ የቢቡኝ ወይ የጎንቻ ገበሬ፣ በሬ ሸጦ ቢገዛ እንኳ በየወሩ ባትሪ በየሩብ አመቱ ሞልድ ከየት ያመጣል? እሱም እኮ የጤና መድን መዋጮውን በየአመቱ ይከፍላል።

አንዳንዴ በጎ አድራጊዎች መጥተው መስሚያ ያድላሉ፣ እሰየው ነው፣ ማንም አይከለክላቸው። ዘመቻው ሲያልቅ ግን ሞልዱን ማን ይቀይራል? ልጁ ሲያድግና መስማቱ ሲለወጥ ማን እንደገና ያስተካክለዋል? ለዛ ነው ከእናንተ የምፈልገው የእቃ እደላ ሳይሆን አገልግሎት ነው የምላችሁ።

እንዴት ይሁን ካላችሁ፣ እንደ አንድ እናት ያሰብኩትን ልበል፣ እናንተ ታሻሽሉታላችሁ። በደብረ ማርቆስ ሪፈራል ሆስፒታል አንድ ክፍል ይሰጥ፣ የጆሮ መመርመሪያው ይግባበት፣ የሞልድ ቅርጽ መውሰድ የሚችሉ ሁለት ነርሶች ይሰልጥኑ፤ ቅርጹን በመላክ ሞልዱን ተቀብሎ ማምጣት የሆስፒታሉ ስራ ይሁን እንጂ የእናት አይሁን፣ ደብዳቤና መድሀኒት የሚያመላልስ መኪና ትንሽ ፓኬት አይከብደውም። ለምዕራቡ ጎጃም ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ለአዊ እንጅባራ ላይ ቢያንስ ቅርጽ የሚወስድና ባትሪ የሚሰጥ ሰው ይኑር። ባህር ዳር ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ከባዱን ምርመራና ማስተካከሉን ይያዙት። የአለም ጤና ድርጅት ለጤና ባለሙያ የጆሮ እንክብካቤ ማሰልጠኛ ማኑዋል አዘጋጅቷል፣ ጤና ጣቢያ ያሉት ይሰልጥኑበት፣ ጭብጨባውም ይቅር፣ የተጠረጠረ ልጅ ሁሉ ይላክ። የጤና ኤክስቴንሽኖቻችን ቤት ለቤት ሲሄዱ ክትባቱን እንደሚጠይቁት "ልጁ ስትጠሩት ይዞራል ወይ፣ ስንት ቃል ይላል" ብለው ይጠይቁ፣ ጆሮ ውስጥ ቅቤና ቅጠል እንዳይጨመር፣ መግል የሚወጣው ጆሮ ዝም እንዳይባል ይንገሩ። ድርጅቱ እንደሚለው ከህጻናት የመስማት ችግር ወደ 60 በመቶው አስቀድሞ መከላከል የሚቻል ነው፣ ይሄ እኮ መስሚያ ከመግዛት በፊት ያለ ስራ ነው።

ለጤና መድን አገልግሎት፣ የህጻናት መስሚያ፣ ሞልድና ባትሪ የመድኑ ጥቅል ውስጥ ይግቡ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ሁሉንም እድሜ አንዴ ካልቻላችሁ ከ5 አመት በታች ካሉት ጀምሩ፣ ምክንያቱም አንጎል ቋንቋን በደንብ የሚቀበልበት ጊዜ ይሄ ነው፣ ያለፈው አይመለስም። ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ለጆሮ ጤና የወጣ 1 ዶላር በ10 አመት ውስጥ ወደ 16 ዶላር ይመልሳል ብሏል። ሀገራችንም በ2002 ባጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን እንዲህ አይነት አጋዥ መሳሪያዎች ለሰው እንዲደርሱ ለመስራት ቃል ገብታለች።

አንድ ነገር ልጨምር። መስሚያ የማይጠቅማቸው፣ ጉዳታቸው በጣም ከባድ የሆነ ልጆች አሉ፣ እነሱ ቶሎ የምልክት ቋንቋ ይጀምሩ፣ መስሚያ ያደረጉትም ቢማሩት አይጎዳቸውም። የኔም ልጅ ትማረዋለች፣ እኔም እየተማርኩ ነው። ከጆሮ ምርመራው የሚወጣ ወላጅ ስለ ሁለቱም መንገድ እኩል ይነገረው፣ አንዱ ማሸነፊያ ሌላው መሸነፊያ ተደርጎ አይነገር።

መልሳችሁን እጠብቃለሁ። ለ2018 በጀት አልቆበታል ካላችሁ ለ2019 እቅዱ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ንገሩን፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የሞልድ ቅርጽ መውሰድ መቼ እንደሚጀመርም ወሩን ቆርጣችሁ ንገሩን። ባትሪው ግን በጀት እስኪጸድቅ አይቆይ፣ በየዞኑ አንድ የመንግስት መድሀኒት ቤት እንዲይዘው ማድረግ የዚህ ወር ስራ ሊሆን ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
መስማት የሚያስቸግራት ልጅ እናት፣ ምስራቅ ጎጃም