ለደንበኞቻችን፦ የፍየል ግልገሎቹን ለምን እንዳዘገየን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ «ግልገሎቼን መቼ ነው የምትሰጡኝ?» በትዕግሥት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። የተቆጣችሁኝም አላችሁ። መኪና ተከራይታችሁ በር ድረስ መጥታችሁ ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁም አላችሁ። ቀድመን መደወል ነበረብን፣ አልደወልንም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልን።

ቀኑን ስለመግፋታችን ግን ላስረዳችሁ። ረዘም ይልብኛል፣ ታገሡኝ።

ቀብድ ስትከፍሉ «2 ወር ሲሞላቸው ትወስዳላችሁ» ብለናችሁ ነበር። አልክድም። አሁን ወደ 3 ወር ገፍተነዋል። «ዋጋ እስኪጨምር እየጠበቃችሁ ነው» ያለኝ ደንበኛ አለ። ይህቺ ቃል አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማችኝ። የተስማማንበት ዋጋ አልተነካም፣ አይነካምም። ግልገል አንድ ወር ተጨማሪ በረት ውስጥ ሲቆይ የሚከስረው ባለ በረቱ ነው። መኖው በየጊዜው እየተወደደ ነው። ግልገሉ የሚጠባው ወተት ደግሞ አልበን ልንሸጠው የምንችለው ወተት ነው። ገንዘብ ብቻ ብናይ ኖሮ በ6 ሳምንታቸው ሰጥተናችሁ እንገላገል ነበር።

አንድ ጊዜ እንደዚያ አድርጌያለሁ። በሁለት ፍየሎች ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን ነው። ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት ሴት ግልገል ነበረች። ገዢው ቸኮለ፣ እኔም ገንዘቡ አስፈለገኝ። 6 ሳምንቷ ነበር። ትዘላለች፣ ትፈነጥዛለች፣ ድርቆሽም ጫፍ ጫፉን ትቀነጥባለች። ደርሳለች ብዬ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ደወለ፤ አልበላም አለች፣ ተቅማጥ ያዛት። በአምስተኛው ቀን ሞተች። ገንዘብህን ልመልስልህ ስለው «ተይው» አለኝ። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይሄ ነው። ግልገል መቀንጠብ የሚጀምረው ገና በሁለተኛው ሳምንት ነው። መቀንጠብና መብላት ግን ይለያያሉ። ፍየል ሆዷ አራት ክፍል አለው። ሲወለዱ የሚሠራው አራተኛው ብቻ ነው፤ ወተቱ ሌሎቹን አልፎ በቀጥታ ወደ እሱ ይወርዳል። ሣርና ቅጠል የሚፈጨው ትልቁ ጨጓራ ገና ኪስ ያህል ነው። ግልገሉ ድርቆሽና ጥራጥሬ በቀመሰ ቁጥር ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ ይጠነክራል። ይህ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። ሳይደርስ ወተቱን ከነጠቅነው ሆዱ ይነፋል፣ ጀርባው ግን አጥንት ብቻ ይሆናል። እየበላ ይራባል ማለት ነው።

ለብዙ ግልገል 2 ወር ይበቃል፣ እኛም ስንሰጥ የኖርነው በዚሁ ነው። ዘንድሮ ግን እናቶቹ ብዙዎቹ መንታ፣ ሦስቱ ደግሞ ሦስት ሦስት ወለዱ። ፍየል ጡቷ ሁለት ነው። ሦስተኛው ግልገል ወንድሞቹ እስኪጠግቡ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲደርሰው የቀረችውን ይጠባል። በ60ኛው ቀን ሚዛን ላይ ስናወጣቸው ልዩነቱ አስደነገጠኝ። ግልገል ጡት ለመጣል ቢያንስ ሲወለድ ከነበረው ክብደት 2.5 እጥፍ መድረስ አለበት፤ 3 ኪሎ የተወለደ 7.5 ኪሎ እንደማለት ነው። ግማሾቹ አልደረሱም።

«ከእኔ በኋላ ቀብድ የከፈለ ሰው ቀድሞኝ ወሰደ» ላላችሁም መልሱ እዚሁ ላይ ነው። ያ ግልገል ለእናቱ ብቸኛ ነበር። የእናንተዎቹ ከሦስቶቹ ናቸው። አዳልተን አይደለም።

ክብደት ብቻም አያስተማምነኝም። ጠዋት ግልገሎቹን እናታቸውን በሚያዩበት አጠገብ ወዳለ ጋጣ እንለያቸዋለን፣ ድርቆሽና ውኃ እናቀርባለን፣ እስከ ማታ እናያለን። ባለፈው ሳምንት ሁለት እህትማማቾች ለየሁ። አንዷ ትንሽ ጮኸችና ወደ ድርቆሹ ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ ጥግ ላይ ተኝታ ስታመሰኳ አገኘኋት። ሌላዋ አፍንጫዋን በአጥሩ ሽንቁር አስገብታ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። ድርቆሹን አልነካችውም። ማታ ስለቃት ተንበርክካ እናቷን በጭንቅላቷ እየጎሸመች ስትጠባ ጅራቷ አላርፍ አለ። እድሜያቸው እኩል ነው፤ በአንድ ሌሊት ነው የተወለዱት። የመጀመሪያዋን ዛሬም ልሰጣችሁ እችላለሁ። ሁለተኛዋን እንዴት ልስጣችሁ?

ሌላው ጤናቸው ነው። ከእናታቸው እንገር ያገኙት መከላከያ በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የራሳቸው ገና አልጠነከረም። ጡት መጣል፣ ጉዞ፣ አዲስ በረትና አዲስ መኖ በአንድ ሳምንት ሲደራረብባቸው ተቅማጡ የሚነሳው ያኔ ነው። የአንጀት መመረዝ ክትባቱንም የምንጀምረው በ6ኛው ወይም በ8ኛው ሳምንት ነው፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል። ሁለተኛውን ሳይወስዱ ከእጄ ባይወጡ እመርጣለሁ።

«ስጡንና በጡጦ እናሳድጋለን» ያላችሁ አላችሁ። አይቻልም አልልም። እኔም እናታቸው የሞተችባቸውን አሳድጌያለሁ። ግን ወተቱ ሲቀዘቅዝ፣ ሰዓቱ ሲዛባ፣ አንድ ቀን ሲበዛ ሆዳቸው ይታመማል። እናት እያለች ለምን?

የእናትየውንም ነገር አስቡልኝ። ሁለት ግልገል በአንድ ቀን ስንወስድባት ጡቷ ወተት ቋጥሮ ድንጋይ ይሆናል፣ ከዚያ አልፎ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ መኖዋን ቀነስ አድርገን፣ መጥቢያ ሰዓቱንም እያሳጠርን በቀስታ ነው የምንለያቸው።

ወንዶቹ ግን ከ3 ወር በላይ አይቆዩም። ወንድ ግልገል በዚያ እድሜ ማስረገዝ ሊጀምር ስለሚችል ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር አናቆየውም። ወንድ ያዘዛችሁ ደርሶላችኋል፣ ተዘጋጁ። ሴቶቹን የምንሰጠው ግን እንደየሁኔታቸው ነው፤ ዘግየት የሚሉም ይኖራሉ።

በዚህ ሳምንት ለእያንዳንዳችሁ እንደውላለን። የግልገላችሁን ክብደት፣ የበላበትን ሁኔታና የምንገምተውን ቀን እንነግራችኋለን። መጠበቅ የማይመቸው ቀብዱን ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፣ ቅር አልሰኝም። ለምትጠብቁን ደግሞ የለመዱትን መኖ በጆንያ አብረን እንሰጣችኋለን። ለአሥር ቀን ያህል ከእናንተው መኖ ጋር እየቀላቀላችሁ አልምዷቸው። አንድ ብቻ ያዘዛችሁ ሌላ ፍየል ከሌላችሁ ንገሩኝ፤ ብቻውን ያደረ ግልገል ይጮኻል፣ አይበላም። ጓደኛ የሚሆነውን እንፈልግለታለን።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ፍየሎች ጀምሮ አብራችሁን ያላችሁ አላችሁ። በረቱ እዚህ የደረሰው በእናንተ ነው። አሁን የምለምናችሁ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ዓይናችሁ ማየት ካለበት ጠዋት ስንመዝን ኑ። ያቺ ድምጿ የተዘጋው ትናንት አንድ እፍኝ ድርቆሽ በልታለች።

በአክብሮት፣
የበረቱ ባለቤት