ክብደት ለመቀነስ የግድ አጃ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባሕር ዳር ውስጥ «ክብደት ቀንሱ» የሚለው ምክር በዝቷል። ብዙው ግን እንጀራ ይከለክልና አጃ ያዛል። ጾሙን ረስቶታል። ረቡዕና ዓርብ የማይሠራ ዕቅድ ለጿሚ ምን ይረባዋል?

እንጀራው ላይ ከመፍረድ በፊት ዘይቱ ይታይ። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ 4 ብቻ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ይጠጋል። ሽሮው ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚፈስ ወጥ የሠራ ያውቀዋል! ጣና ዳር የሚቀርበው የቆሮሶ ዓሣም ዘይት ውስጥ ከሚዋኝ በፍም ቢጠበስ ወይም በሾርባ ቢመጣ ምን አለበት?

በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ ይበቃል። በወር 15 ኪሎ የሚላችሁን እለፉት። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ አመጋገብ ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር