የ40 ቤት ድስት ለፋሲካ፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሰንበቴያችን አባላት፣ ጎረቤቶቻችን፤

የ2019 ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል፤ ፋሲካው ሚያዝያ 24 ይውላል። ለዚያ ቀን በሰፈራችን ላሉ 40 ቤቶች የመፈሰኪያ አስቤዛ ልናደርስ ተነሥተናልና እጃችሁን እንፈልጋለን። ቤቶቹን የሚለዩልን የእድሩ ሰዎችና የንስሐ አባቶች ናቸው።

በበዓል ደጀ ሰላም ላይ ድንኳን ተክሎ ነዳያንን ማብላት የቆየ ልማድ ነው፤ ይቀጥላልም። ይህኛው ግን ድስት እያላቸው የሚጥዱት ላጡ ነው። ስለዚህ በሰሃን የተቀዳ ወጥ አንወስድላቸውም። ሽንኩርቱን ራሳቸው ያቁላሉት፤ የበዓል ሽታ ከእነሱም ቤት ይውጣ።

ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው 10 ኪሎ የጤፍ ዱቄት፣ አንድ ከነነፍሱ ዶሮ፣ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ በርበሬ፣ ግማሽ ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ 6 እንቁላል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ሆድ ለማለስለሻ ግማሽ ኪሎ ተልባ፣ ሩብ ማዳበሪያ ከሰል ነው። በ40 ሲባዛ 400 ኪሎ ዱቄት፣ 120 ኪሎ ሽንኩርት፣ 20 ኪሎ በርበሬ፣ 20 ኪሎ ቅቤ፣ ሠላሳ ሠላሳ የሚይዝ 8 ትሪ እንቁላል፣ 20 ኪሎ ተልባና 10 ማዳበሪያ ከሰል ይሆናል። ከሰሉን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። የዶሮ ወጥ ቁሌት ግን ሰዓታት ይፈልጋል፤ እሳቱ ቶሎ ካለቀ ሽንኩርቱ ሳይልም በርበሬው ይገባና ውኃው ለብቻ፣ ሽንኩርቱ ለብቻ ይቀራል። ቅቤውን ንጥር ያልነው ለጋው በሚያዝያ ሙቀት ከቤት ቤት ሲዞር ስለሚበላሽ ነው።

ሥራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የዕቃው ማነስ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ዱቄቱ በሆሳዕና፣ ሚያዝያ 17 ይታደላል፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢቦካ ለቅዳሜ ይደርሳል። ዓርብ ቢደርሳቸው ግን፣ ቀኑ ስቅለት ነው፣ ሰው ስግደት ላይ ይውላል፤ በመጨረሻ የሚጋገረው አፍለኛ ነው። ቅዳሜም ቢሆን ማለዳ ይጋገር፤ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ስለሚጥድ መብራቱ አይታመንም።

ዶሮው ቅዳም ሹር ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት መድረስ አለበት። ጆንያ ውስጥ የታጨቀ ዶሮ ታፍኖ ይሞታል፤ ስለዚህ እግሩ ታስሮ ቀዳዳ ባለው ሳጥን፣ በአንድ ሳጥን ከ6 ሳይበልጥ ይጓጓዛል። ከነነፍሱ መስጠቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሙስሊም ጎረቤት በዝርዝሩ ቢኖር በራሱ ሥርዓት ያርደዋል።

እዚህ ላይ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር እንለምናችኋለን። ወንድ በሌለበት ቤት እናት ዶሮና ቢላ ይዛ በር ላይ ቆማ «ወንድሜ፣ በእመቤቴ፣ እረድልኝ» ስትል አላፊ አግዳሚው ይቸኩላል፤ እሱም የሚጠብቀው ዶሮ አለዋ። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ለአንድ ቤት እንዲሆን እንፈልጋለን። አባት ወይም ከፍ ያለ ልጅ «በስመ አብ» ብሎ ይረድ፤ የቀረው ላባውን ያንሣ፣ 12 ብልት ሲወጣ ያግዝ፣ በሎሚና በጨው ይጠብ። ትንንሾቹ እንቁላሉን ይሸከሙ፤ ቢሰበርም ይሰበር። ወጡን የምትሠራዋ ጾመኛ ስለሆነች አትቀምሰውም፤ ጨው አሳንሱ፣ ሌሊት ሲፈሰክ ይጨመራል።

ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ይህ አይሆንም። ማቀዝቀዣ በሌለበት አንድ ድስት ወጥ ሸክም ነው። እነሱን ለምሳ ቤታችሁ ጥሩልን፤ ሄዳችሁ አምጧቸው፣ መልሳችሁም አድርሷቸው። የሚቋጠርላቸው ወጥ ካለ ትኩሱን ፕላስቲክ ውስጥ አትክደኑት፣ ይኮመጥጣል።

በጾሙ ወራት ማዕዳችሁ አጠገብ አንድ ሙዳይ አስቀምጡ። ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የተረፈውን ገንዘብ ልጆቹ ራሳቸው ይክተቱበት፤ ስለ እውነተኛ ጾም የሚናገረውን ኢሳይያስ 58ን አንድ ማታ አብራችሁ ብታነቡት የሙዳዩ ነገር ይገባቸዋል። (የጾም ኬኩና የጾም በርገሩ ከበዛ ግን ሙዳዩ ባዶ ነው።)

ገንዘቡ እስከ ደብረ ዘይት እሑድ፣ መጋቢት 26 ይግባልን፤ ወደ በዓሉ በተጠጋን ቁጥር ገበያው ይወደዳል። እህል፣ በርበሬና ተልባ በዓይነት እስከ ገብር ኄር፣ ሚያዝያ 3 እንቀበላለን፤ በርበሬው የተፈጨና ደረቅ ይሁን። ገንዘብ ያዡ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ደረሰኝ ይዞ ይቀመጣል። የሰጪ ስም አይለጠፍም፣ የተቀባይ ፎቶ አይነሣም።

ማረድ የምትችሉ ወንዶች ስማችሁን ለገንዘብ ያዡ አስመዝግቡ። ቅዳም ሹር ከንጋቱ 12 ሰዓት በሰንበቴው ቤት እንገናኝ፤ ቢላችሁን ስላችሁ ኑ።