ለፖሊሶቻችን የሚሆን ባለሙያ እናሰልጥን፦ ከደሴ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ሰላም የወሎ ልጆችና ወዳጆች! ይህን የምንጽፈው ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም ፈልገን ነው። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በሌሎች የወሎ ከተሞች የሚሠሩ 24 የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ልናሰልጥን ተነስተናል። ዓላማው ፖሊሶችን የሥራቸውን ጠባይ አውቀው እንዲያክሙ ነው።

«ለምን ለፖሊስ ብቻ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ያልተፈናቀለ፣ ያላለቀሰ ቤት ስንት ነው? ፖሊሱም ከነቤተሰቡ በዚያው ውስጥ አልፏል። ከእኛ የሚለየው ከዚያ ወዲህም በየቀኑ ሌላ መከራ እየተጨመረበት መሆኑ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የምታውቁ ይገባችኋል። መኪና ሲገለበጥ የሚጠራው ትራፊክ ፖሊስ ነው። አስከሬን ያነሳል፣ ከኪስ መታወቂያ ይፈልጋል፣ ለቤተሰብ ይደውላል። ከዚያ ተመልሶ መንገድ ዳር ይቆማል። ጓደኞቹ «አብሽር» ይሉታል፤ ከልባቸው ነው። ሌሊት ሲባንን ግን አብራው የምትነቃው ሚስቱ ናት።

ክፉ ነገር ያየ ሁሉ አይታመምም። ብዙ ሰው በዘመድ፣ በጸሎትና በዱአ፣ በእረፍትም ይበረታል። የሚያሳስበው ነገሩ ከወር በላይ ሲዘልቅ ነው። ያየው ነገር እየተመላለሰ እንቅልፍ ሲነሳው፣ በትንሽ ድምፅ ሲደነግጥ፣ በዚያ መንገድ ማለፍ ሲያቅተው፣ ልጆቹ ላይ መጮህ ሲያበዛ። ያኔ ባለሙያ ማየት አለበት።

ባለሙያ ጨርሶ የለም አንልም። የአእምሮ ጤና ነርሶች፣ ሳይኮሎጂስቶችና ማኅበራዊ ሠራተኞች አሉን፤ ጎበዞች ናቸው። የጎደለው የፖሊስን ኑሮ ማወቅ ነው። አንድ ኮንስታብል ኮሪደር ላይ ወረፋ ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠው ትናንት ያሰረው ሰው ወንድም ሊሆን ይችላል። ስሙ ጮክ ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ «ጨጓራዬን ነው» ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ተቀብሎ ይወጣል።

አእምሮ ሕክምና ክፍል ቢደርስም ችግሩ አላለቀም። ለምሳሌ አሚትሪፕቲሊን ታዘዘለት እንበል። ማታ የሚዋጥ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ነው። ታካሚው ግን የሌሊት ፈረቃ ተረኛ ነው፤ ክላሽ ይዞ ነው የሚያድረው። ወይ ጥበቃ ላይ ያንቀላፋል፣ ወይ መድኃኒቱን ለማንም ሳይናገር ያቆማል። ባለሙያው «ሥራህ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ሌላ መላ ይገኝ ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው የትጥቁ ነገር ነው። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው አጠገቡ መሣሪያ አለመኖሩ ነፍስ ያተርፋል። ፖሊስ ግን ትጥቁን ሲያስረክብ እንደ ቅጣት ያየዋል፤ ጣቢያው ሁሉ ያወራዋል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ዝም ይላል። ሰውየው ሳይዋረድ መሣሪያውን ለጊዜው በአደራ እንዲያስቀምጥ እሱንም አለቃውንም እንዴት ማነጋገር ይቻላል? ይህ በንባብ ብቻ አይገኝም፤ ደጋግሞ መለማመድ ይጠይቃል።

ሚስጥር ጥበቃም አለ። አለቃው ደውሎ «ልጁ ምን ሆኖ ነው?» ቢል ምን ይመለስለታል? የምናምንበት ይህ ነው፦ «ለሥራ ብቁ ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን ምርመራ የሚሠራው ሰው ከሚያክመው ሰው የተለየ መሆን አለበት። ይህ ካልተለየ አንድም ፖሊስ አፉን አይከፍትም።

በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1988 የተጀመረና ብዙ ቦታ የተስፋፋ ፕሮግራም አለ። ፖሊሶች የአእምሮ ሕመምተኛን እንዴት እንደሚይዙ በ40 ሰዓት ስልጠና ያስተምራል። እሱም ያስፈልገናል። አሁን የምንጀምረው ግን ፖሊሱን ራሱን ከሚያክመው ሰው ነው።

ስልጠናው 5 ቀን በደሴ ይሰጣል። ሰልጣኞቹ አንዱን ሌሊት ከተረኞች ጋር ጣቢያ ያድራሉ፤ ከዚህ ሌሊት ማንም ሰልጣኝ እንዲቀር አንፈልግም። ከዚያ በኋላ ለ6 ወር በየወሩ እየተገናኙ የከበዳቸውን ጉዳይ፣ የታካሚ ስም ሳይነሳ፣ ከአሰልጣኞቹ ጋር ይመክራሉ። ስልጠና ሰጥቶ መበተንን ብዙ አይተናል፤ የትም አያደርስም።

ገንዘቡ የሚውለው ለትራንስፖርት፣ ለአልጋ፣ ለምሳ፣ ለማሰልጠኛ ጽሑፍ ኅትመትና ለአሰልጣኞች ክፍያ ነው። ይህን ሥራ የምናስተባብር የኮሚቴው አባላት አበል አንወስድም። በየእድራችሁ ሰብሳቢ በኩል ስጡ፤ ደረሰኝ መቀበል አትርሱ። ውጭ አገር ያላችሁም እዚህ ባለ ዘመድ ስም በዚሁ መንገድ ማስገባት ትችላላችሁ። ወጪና ገቢው በየእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል።

ሆቴል ያላችሁ ከወልድያና ከላሊበላ ለሚመጡት አልጋ ብትችሉልን ትልቅ እገዛ ነው። ማተሚያ ቤት ያላችሁም እንዲሁ። ጡረታ የወጣችሁ ፖሊሶች ደግሞ፣ ጋሼም እትዬም፣ እናንተን በተለይ እንፈልጋለን። አንድ ከሰዓት መጥታችሁ ያሳለፋችሁትን ለሰልጣኞቹ ብትነግሯቸው ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። ክረምት ሳይገባ እንድንጀምር መዋጮው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ቢደርሰን ደስ ይለናል።